ቸርኬው እንዳይቀየር ብዬ

መኪናዋን የገዛሁት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። በዚያ ዕድሜ ሌላው ሰው የጀመረውን ቤት ይጨርሳል፤ እኔ ባለ ሁለት በር አሮጌ ስፖርት መኪና ገዛሁ። ሻጩ ሶዶ ውስጥ አንድ ፕሮጀክት ላይ ይሠራ የነበረ ባለሙያ ነው። ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሊመለስ የቤቱን ዕቃ እየሸጠ ነበር። ፍሪጅ ልገዛ ሄጄ መኪና ይዤ ተመለስኩ።

ጥቁር አረንጓዴ ነበረች። የጃፓን ሥራ ናት፤ ከተሠራች ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢሆናትም ቀለሟ አልደበዘዘም። የፊት መብራቶቿ ሲበሩ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ ሲጠፉ ተመልሰው ይደበቃሉ። እኔ ግን አብልጬ የምወደው ቸርኬዎቿን ነበር። ከፋብሪካ አብረዋት የወጡ፣ እንደ አበባ የተከፋፈሉ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የሸሚዜን እጅጌ ሰብስቤ በጥርስ ብሩሽ አጥባቸው ነበር። ባለቤቴ ነርስ ናት። በሩ ላይ ቆማ ታየኝና፣ «የልጆችህን ጥርስ አንድ ቀን እንዲህ አስቦርሸሃል?» ትለኛለች። እስቃለሁ። እሷ አትስቅም።

በቢሮ አሥራ ስድስት ዓመት በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፕላን ስሠራ የቆየሁ ሰው ነኝ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስገባም ስወጣም ማንም ዞር ብሎ አይቶኝ አያውቅም። መኪናዋን ከገዛሁ በኋላ ጥበቃዎቹ ገና ድምፅዋን ሲሰሙ በሩን ይከፍታሉ። ባጃጆች ቆመው ያሳልፉኛል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጠገቧ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ይህን ሁሉ የማነሳው፣ በኋላ ስለ ፍሬኑ ስወስን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው እሱ ስለሆነ ነው።

ጓደኛዬ መካኒክ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ተቀምጠናል፤ በአንድ መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ዘምረናል። እኔ ኮሌጅ ስገባ እሱ የጭነት መኪና ሥር ገባ። ከዓመታት በኋላ ወደ አርባ ምንጭ በሚያወጣው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የታጠረች የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ዝግ ያለ ሰው ነው። በቀጠረው ቀን መኪና አስረክቦ አያውቅም፤ ሆኖም ወደ ሁምቦዋ ከተማ ወደ ተበላና ወደ አርባ ምንጭ የሚሠሩ የሚኒባስ ባለንብረቶች ፍሬን ሲሆን ወደ ሌላ ሰው አይሄዱም ነበር። ሰባ ሰው፣ ከነዕቃው፣ ከሶዶ ወደ ተበላ ያለውን ቁልቁለት በየቀኑ የሚወርደው በእሱ እጅ በተሠራ ፍሬን ነው ይባል ነበር። እኔን «ኢሻ» ይለኛል፤ በወላይትኛ ወንድሜ እንደማለት ነው። የእናቴ ልጆች እንኳ እንደ እሱ አዘውትረው አይሉኝም።

መኪናዋን በገዛሁ በሁለተኛው ወር አንድ ቅዳሜ፣ «እስኪ ተበላ ወርደን ምሳ እንብላ፤ እኔ ልንዳት» አለኝ። ሰጠሁት። ቁልቁለቱን አጋምሰን ሳለ ዳር ይዞ አቆመና «ውረድና አሽትት» አለኝ።

ወረድኩ። ከፊት ጎማው በኩል የተቃጠለ ቀንድ የመሰለ ሽታ ይመጣል። ከውኃ ጠርሙሱ ጣቱን ነክሮ በቸርኬው ክፍተት ፍሬኑ ወደሚይዘው ዲስክ ሁለት ጠብታ ረጨ። ጭስስ አለ።

«ሁለታችን ብቻ ነን» አለኝ። «ሻንጣ እንኳ አልያዝንም። አነዳዴ ደግሞ የሽማግሌ አነዳድ ነው። አንተ ብትሆን፣ አራት ሰውም ብትጭን አስበው።»

«ግን ያዘ እኮ» አልኩት። «ስትረግጠው ቆመች።»

«አሁን ያዘ። ይህ ዲስክ ትንሽ ነው፣ ስስ ነው፤ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ሙቀቱ ሲበዛ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። ያኔ ፔዳሉን ስትረግጠው ትራስ የረገጥክ ይመስልሃል። መኪናዋ የተሠራችው ሜዳ ላለው አገር ነው፣ ኢሻ። የእኛን መንገድ አታውቀውም።»

መፍትሔውንም ምሳ ስንበላ ነገረኝ። የዚያው ፋብሪካ ሌላ ትልቅ የቤት መኪና አለች፤ የእሷ የፊት ዲስክ ወፍራም ነው፣ በመሃሉ አየር የሚያሳልፍ ክፍተት አለው፤ ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘው ካሊፐርም ይገዝፋል። በጥቂት ሥራ ይገጥማል። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ ዲስኩ ሰፊ ስለሆነ አሁን ባለው ቸርኬ ውስጥ አይገባም።

«ስለዚህ ቸርኬው?» አልኩት።

«ይቀየራላ።» እንጀራውን ዳጣ እያስነካ በቀላሉ ተናገረው። እኔ የበላሁት ከዚያ በኋላ አልጣመኝም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ሳስብ ቆየሁ። ማሰብ ብዬ የምጠራው ፈቃድ የሚሰጠኝ ሰው መፈለግን ነው። በስልኬ ቪዲዮ አየሁ፤ አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ከፋብሪካ የወጣ ነገር መነካት የለበትም ሲሉ እነሱን ደጋግሜ አየኋቸው፤ በመጀመሪያ የሚቀየረው ፍሬን ነው የሚሉትን ሳልጨርስ ዘጋኋቸው። የቢሮ ሹፌራችንን ጠየቅሁት። የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ የሆነ ጎረቤታችንን ጠየቅሁት። አጠያየቄ እንዲህ ነበር፦ «ፍሬኗ ጥሩ ይይዛል፣ ቦሎም አልፋለች፤ መቀየር ያስፈልገኛል?» እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ምን ይላል? አያስፈልግም አሉኝ። ሁለቱም ያንን ቁልቁለት በእሷ ወርደው አያውቁም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ጓደኛዬ ጆንያ ተሸክሞ ቤቴ መጣ። ግቢ ውስጥ ጆንያውን አንጥፎ ዕቃዎቹን ደረደራቸው። አዲስ አበባ በሚመላለስ ሹፌር አስፈልጎ ያስመጣቸው ናቸው፤ ሁለት ወፍራም ዲስኮች፣ ሁለት ካሊፐሮች፣ ከእነሱም ጋር አራት ያገለገሉ ቸርኬዎች። አንድ በአንድ በጨርቅ እየወለወለ አሳየኝ። ዲስኮቹን አላየሁም። ዓይኔ ቸርኬዎቹ ላይ ተተክሎ ቀረ። ግራጫ፣ ጌጥ የሌላቸው፣ ማንኛውም መኪና ላይ የሚገኙ ብረቶች ናቸው።

«የታክሲ ቸርኬ ነው» አልኩት።

«ክብ ነው፣ አይንቀጠቀጥም፣ አልተሰነጠቀም። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«መልኳን ያበላሻል።»

«ካልቆመች መልኳ ለማን ይታያል?»

«እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ቀስ ብለህ አትነዳም። በጋራዤ በር ላይ ስታልፍ እኮ አይሃለሁ።»

ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የደረቀ ልብስ ታጥፍ ነበር። ከእኛ አሥር እርምጃ አትርቅም። ማጠፏን ቀጠለች።

በመጨረሻ ወሰንኩ። «ተወው። የፍሬን ሸራውን ቀይርልኝ፣ ዘይቱንም አዲስ አድርግልኝ። ይበቃል።» ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ መኪናዋ እንደተሠራች መቆየት አለባት፣ ዋጋዋም ከነመልኳ ነው ብዬ ረጅም ንግግር አደረግሁለት። ዕቃዎቹን መልሶ ጆንያው ውስጥ ከተተ፤ አፉን በገመድ አሰረ።

«እንግዲያው አንድ ቃል ስጠኝ» አለ። «ሰው ሞልተህ ወደ ሁምቦ እንዳትወርድ። ከተማ ውስጥ እንደፈለግህ ሁን። ያን ቁልቁለት ግን አራት ሆናችሁ እንዳትወርዱ።»

«ቃሌ ነው» አልኩት።

«ዕቃው ጋራዥ ይቀመጥልሃል። ሐሳብህን ስትቀይር ና።»

በዚያው ሳምንት ሸራውን ቀየረ፣ የድሮውን ዘይት አፍስሶ አዲስ ሞላ። ሥራው ንጹሕ ነበር። ይህን ደጋግሜ መናገር አለብኝ፤ ሥራው ንጹሕ ነበር።

አንድ ወር አልሞላም። አንድ የሥራ ባልደረባችን እናቱ አርፋ፣ ለቅሶው ተበላ ከተማ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ለሥራ ወጥቷል። የመምሪያ ኃላፊያችን ከቢሮው ብቅ ብሎ ሁላችንም ፊት፣ «እንግዲህ ዛሬ በስፖርቷ ነው የምንሄደው» አለ። ሁለት ባልደረቦቼ እየሳቁ ተነሱ። የቡድን መሪነቱ ቦታ በዚያን ጊዜ ክፍት ነበር፤ ማን እንደሚመደብበት የሚወስነው ኃላፊው ነው።

ቃሌን ረስቼው ነበር ብል ይቀልለኝ ነበር። አልረሳሁም። ቁልፉን ከኪሴ ሳወጣ ጓደኛዬ ጆንያውን ሲያስር ታይቶኛል። እንዲያውም በጋራዡ በር ላለማለፍ ብዬ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ዞሬ ነው ከከተማ የወጣሁት።

ኃላፊው ፊት ተቀመጠ። ሁለቱ ከኋላ ጉልበታቸውን ከአገጫቸው ጋር አገናኝተው ተጣጥፈዋል። ከከተማ እንደወጣን ኃላፊው መስኮቱን ከፍቶ፣ «ትሮጣለች የሚሉት ወሬ ነው እንዴ?» አለ።

«ልያዛት ብዬ ነው እንጂ» አልኩ።

«ልቀቃታ!»

ለቀቅኋት። ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሽ ቀንሼ በሞተር መያዝ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ጓደኛዬ መቶ ጊዜ ነግሮኛል። ነገር ግን እንዲያ ሲነዳ መኪናዋ ታጉረመርማለች፣ ትጎተታለች፤ አያምርም። እኔ ወደ መታጠፊያው በፍጥነት ገብቼ፣ ፍሬን ረግጬ፣ ዞሬ እንደገና እለቃታለሁ። ኃላፊው በሳቅ ይፈነዳል። አራተኛው መታጠፊያ ላይ ይሁን አምስተኛው፣ ከኋላ ያለው ባልደረባዬ «የሆነ ነገር ይሸታል» አለ።

«አዲስ ሸራ ነው» አልኩት። «እስኪላመድ ነው።»

ቀጥሎ ስረግጥ ፔዳሉ ወደ ታች ወረደ። ደግሜ ረገጥኩ። ምንም የለም። እግሬ ወለሉን ነካ። ልክ እንዳለኝ ነው፤ ትራስ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ከፊት ለፊታችን ሰው በመንገዱ ዳር ተሰልፎ ይሄዳል፤ ሴቶች ሸክም አዝለው፣ አህያ፣ ፍየል የሚጎትት ሰው። ክላክሱን ይዤ ጮህኩ። ማርሹን ወደ ሁለት ስጥለው ሞተሩ አለቀሰ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ሰዎቹ ወደ ቀኝም ወደ ግራም መበተን ጀመሩ፤ እኔ ባዶ ያየሁትን የቀኙን ቦይ መርጬ መሪውን አዞርኩ። አፍንጫዋ ቦይ ውስጥ ገባ። ጀርባዋ ግን ተወርውሮ ሲዞር ወደ ዳር የሸሸችን አንዲት ሴት መታ።

ጸጥታው ትዝ ይለኛል። ከዚያ በአስፋልቱ ላይ የሚንከባለለው ቦይና፣ በአማርኛ ጎደሬ የሚባለው። ሴትዮዋ ቦይና ልትሸጥ አዝላ ነበር፤ ጆንያው ተቀድዶ ሥሩ ቁልቁል እየተንከባለለ ይሄዳል። እሷ መንገዱ ዳር ተቀምጣለች። አልጮኸችም። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች መሆን በማይገባው አቅጣጫ ዞሯል፤ እሷም የሌላ ሰው እግር የምታይ ይመስል ታየዋለች።

ከእኛ ማንም አልተጎዳም። ኃላፊው ግንባሩ ትንሽ ተቧጠጠ። አንድ ሚኒባስ ቆሞ ሴትዮዋን ወደ ሶዶ ሆስፒታል አደረሰልን። ባለቤቴ ያን ቀን ተረኛ ነበረች። የሆነውን ከእኔ አልሰማችም፤ ቃሬዛው ላይ ካለችው ሴት ነው የሰማችው።

ትራፊክ ፖሊስ ጋ ቃል ስንሰጥ ኃላፊው ቀድሞ ተናገረ። «ፍሬን በጠሰ። ምን ያድርግ? እንዲያውም ሕዝቡን ያተረፈው ቦይ ውስጥ በመግባቱ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «በቅርቡ ጋራዥ ገብታ አልነበረም?» አለኝ።

ፖሊሱ ብዕሩን ይዞ ይጠብቀኛል። በዚያች ቅጽበት መንጃ ፈቃዴን አሰብኩ፣ ክሱን አሰብኩ፣ የቡድን መሪነቱንም አሰብኩ። አፌን ስከፍት የወጣው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦

«ባለፈው ወር ፍሬኑን የሠራው መካኒክ ጓደኛዬ ነው።»

እውነት ነው። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሐሰት የሌለበት ነገር ሰውን እንዴት እንደሚገድል አውቃለሁ።

ጓደኛዬን ጠሩት። ዘይት በነካ ቱታው መጣ። መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ሴትዮዋ ነው። ከዚያ ፖሊሱ፣ «የዚህን መኪና ፍሬን ሠርተሃል?» አለው።

«ሠርቻለሁ።»

«ችግር አላየህበትም?»

ዞሮ አየኝ። የቁጣ አስተያየት አልነበረም። ክፍል ውስጥ መምህር ሲጠይቀንና መልሱን እኔ እንደማውቀው እሱ ሲያውቅ እንደዚያ ያየኝ ነበር፤ እጄን እስካወጣ ይጠብቃል። ጠበቀኝ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ማኅተም አየሁ፣ የተሰነጠቀውን መስታወት አየሁ።

«የምለውን ለመኪናዋ ባለቤት ብያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሌላውን እሱ ይናገር።»

እኔ አልተናገርኩም። ፖሊሱ ጻፈ፤ ሁለታችንም ፈረምን።

ጉዳዩ በሽምግልና አለቀ። ከሽማግሌዎች ጋር ሆኜ አንድ ጊዜ ተበላ አካባቢ ወዳለው የሴትዮዋ ቤት ሄድኩ፤ ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ለሕክምናዋ የተባለውን ሰጠሁ። የቴክኒክ ጉድለት ስለተባለ መንጃ ፈቃዴ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰልኝ። በሦስተኛው ወር ቡድን መሪ ሆንኩ።

የጓደኛዬን ጋራዥ ወሬው ቀድሞ ደረሰው። ኃላፊው በየሄደበት ይህን ታሪክ ያወራል፤ ጥሩ አድርጎ ያወራዋል፣ ሰው ያስቃል፤ መጨረሻው ሁልጊዜ «እዚያ ጋራዥ መኪናህን እንዳትሰጥ» ነው። የሚኒባስ ባለንብረቶቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። ማን ይፈርድባቸዋል? ሰው ነው የሚጭኑት። በፊት ከጋራዡ በር እስከ አስፋልቱ የሚሰለፈው መኪና ቀርቶ፣ በጠዋት ሳልፍ እሱን በርሜል ላይ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ አየዋለሁ። በኋላ በዚያ በኩል ማለፍ አቆምኩ።

ባለቤቴ ለብዙ ሳምንታት ምንም አላለችኝም። አንድ ቀን ልጆቹ ትምህርት ቤት እያሉ እንዲህ አለችኝ፦

«ያን እሑድ ልብስ ሳጥፍ ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ስለዚህ ቤትህ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አለ። እሱን ብቻ ልነግርህ ነው።»

«እነግራለሁ» አልኳት። «ነገሩ ትንሽ ይብረድ።»

«እስኪበርድ እሱ ይሞታል» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

አልበረደም፤ ወይም በርዶ እኔ አልተናገርኩም። ክረምቱ አለፈ። ከወላይታ ዘመን መለወጫ ከጊፋታ በኋላ አንድ ማለዳ በራችን ደጃፍ ላይ ጆንያ ተቀምጦ አገኘሁ። አፉ በገመድ ታስሯል። ሁለቱ ዲስኮች፣ ሁለቱ ካሊፐሮች፣ አራቱ ግራጫ ቸርኬዎች። ደብዳቤ ልፈልግ ጆንያውን እስከ ታች በረበርኩት፤ የለም። በዚያው ቀን ጋራዡ መዘጋቱን፣ እሱም ከነቤተሰቡ ወደ ቤሌ ከተማ መሄዱን ሰማሁ።

ዕቃውን ሐዋሳ ወስጄ በማላውቀው ሰው አስገጠምኩት። ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ገና እግሬ ፔዳሉን ሲነካ መኪናዋ መሬት ትይዛለች። ከሐዋሳ ስመለስ ሆን ብዬ ተበላ ድረስ ወረድኩ፤ ሦስት ጊዜ ወርጄ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። ሽታ የለም፣ ፔዳሉ አይለሰልስም። ግራጫዎቹ ቸርኬዎች ደግሞ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አያስጠሉም። ሁለተኛ ቀን ላይ እንዳሉ እንኳ ረሳኋቸው። በአራተኛው ወር ሸጥኳት። ገዢው ቸርኬዎቹን ለምን እንደቀየርኩ አልጠየቀኝም።

ቤሌ የሄድኩት በአውቶቡስ ነው። ከአደጋው በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ሆኖታል። ጓደኛዬን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ በሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ይጠግናል። ፀጉሩ ከጎንና ከጎን ሸብቷል። ሲያየኝ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተነሳ፤ ልጆቼን በስማቸው እየጠራ ጠየቀኝ፣ ወንበር ሰጠኝ። እሱ ቆሞ ቀረ።

መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ። በድያለሁ አልኩት፣ ፈርቼ ነው አልኩት፣ ይቅር በለኝ አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

«እኔ እኮ የሆነውን አውቀዋለሁ» አለኝ። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለማያውቁት ንገራቸው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ጥሩ።» ወደ ተገነጠለው ሞተር ሳይክል ዞረ። «አውቶቡሱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚመለሰው፤ እንዳያመልጥህ።»

ኢሻ አላለኝም። በስሜም አልጠራኝም።

ነገርኳቸው። በመጀመሪያ ኃላፊው ጋ ገባሁ፤ በዚያን ጊዜ ወደ ከፍ ያለ ቦታ ተዛውሮ ነበር። ሁሉንም አስረዳሁት። ስልኩን እያየ ሰማኝና፣ «ይህ ያለፈ ነገር አይደለም እንዴ? ምን ቆፈርከው?» አለኝ። «ከተፈረመበት በኋላ ደግሞ አንተንም እኔንም ነው የሚያስጠይቀው። ተወው።» ከዚያ ወደ ሚኒባስ መናኸሪያ ሄጄ ከባለንብረቶቹ አራቱን አገኘሁ። ሦስቱ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አንዱ፣ ጓደኛዬ ጋ ለዘጠኝ ዓመት ደንበኛ የነበረው፣ «ታዲያ አሁን ምን እናድርግ? እሱ የለም፤ እኛም ሌላ ለምደናል» አለኝ። ከዚያም፣ «ያኔ ብትነግረኝ» አለ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

በመጨረሻ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌ አላስከተልኩም። ከቤቷ በር ፊት ለፊት ተቀምጣ ቦይና ከአፈሩ ታጠራለች፤ በስተቀኟ ከብረት ቧንቧ የተበየደ ምርኩዝ ተጋድሟል። እጀታው በጎማ ተጠቅልሏል፤ ብየዳው ንጹሕ፣ የማን እጅ እንደሆነ ሳይነገረኝ አወቅሁ። በወላይትኛ ሁሉንም ነገርኳት። ፍሬኑን አልቀይርም ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እንዳልወርድ ተነግሮኝ እንደወረድኩ፣ መካኒኩ አንዳች እንዳላጠፋ።

ሥራዋን አላቋረጠችም።

«ያ ሰውዬ እዚህ እስካለ ድረስ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር» አለችኝ። «ይህን ምርኩዝ እሱ ነው የሠራልኝ፤ ሲረዝምብኝ ወስዶ አሳጥሮ አመጣልኝ። ልጆቼ ደግሞ እግሬን ያሰበረው እሱ መስሏቸው ይሰድቡታል። አንዴ ትልቁ ልጄ ከግቢ ገፍቶ አስወጣው። አንድ ቀን እንኳ እኔ አይደለሁም ብሎ አልመለሰላቸውም።»

የተጋደመውን ምርኩዝ አየሁት።

«አንተ ያኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስትመጣ» አለች ቀጥላ፣ «በጣም ስታለቅስ አይቼ አዝኜልህ ነበር።»

ትልቁ ልጇ የት እንዳለ ጠየቅኋት፤ ለእሱም ራሴ ልንገረው ብዬ። ሥራ ፍለጋ አገር ለቆ ወጥቷል፤ ስልኩም ብዙ ጊዜ አይሠራም አለችኝ። ቢደውል ትነግረው እንደሆነ ጠየቅኋት። አንድ ቦይና አጥርታ አስቀመጠች።

«ሲደውል ብዙ የምንነጋገረው አለን» አለችኝ። «ጊዜ ከተረፈን እነግረዋለሁ።»

ተነስቼ አመሰገንኳትና ወጣሁ። እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ ወደ ሶዶ የሚወጣ ሚኒባስ ጠበቅሁ። የመጀመሪያው ሞልቶ አለፈኝ። በሁለተኛው ከሹፌሩ አጠገብ ቦታ አገኘሁ። ዳገቱን ስንወጣ ሹፌሩ ፍሬን አልነካም፤ ለዳገት አያስፈልገውም።